የሸህ ጠሃ አበባና ኢንጂነር ኸይሩ

ከወግዲ ገበያ እስከ ወረኢሉ መናኸሪያ ያለ የእጅ ባለሙያ ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማል፤ ከእሱ በፊት የመጣው ሰው ሥራ አያውቅም። ልብስ ሰፊው መቀሱን ሳያነሳ ቀሚሱን ገልብጦ «ይሄን ማነው የሰፋልሽ?» ይላል። ሬዲዮ ጠጋኙ ክዳኑን ከፍቶ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ራሱን ይነቀንቃል። ቧንቧ ሠሪው ደግሞ ምንም አይናገርም፤ ዝም ብሎ ይስቃል፣ እሱ ይብሳል። ደንበኛው ሥራው ሳይጀመር ጥፋተኛ ሆኖ አንገቱን ይደፋል። የእነዚህ ሰዎች ማኅበር ተቋቁሞ ሊቀመንበር ይመረጥ ቢባል ግን ድምፅ መቁጠር አያስፈልግም ነበር። ወንበሩ የመካነ ሰላሙ የኢንጂነር ኸይሩ ነው።

ኢንጂነርነቱን ማን እንደሰጣቸው አይታወቅም፤ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ሥራቸው ሊሾ ነው። ሲሚንቶ ወለል ያለሰልሳሉ፣ ቀለም ያለብሳሉ፣ ጌጥ ያወጣሉ፣ የተሰነጠቀውን ይጠግናሉ፣ የደበዘዘውን የሰው ፊት እስኪያሳይ ይወለውላሉ። በእጃቸው ማንም አያማቸውም። የሚታሙት በአፋቸውና በከዘራቸው ነው። የገቡበትን ቤት ወለል በከዘራው ጫፍ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያዘነብላሉ። ድምፁን ሲሰሙ ፊታቸው ይጨልማል። ከዚያ ያቺ የታወቀችው ጥያቄ ትመጣለች፦ «ይሄን ማነው የሠራላችሁ?»

የወይዘሮ አስቻለች አባት የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ኢንጂነር ኸይሩ ከሁሉም ዝቅ ብለው ደፉ። ሐዘናቸው የበረታ መስሎ ነበር። ለካስ በጣታቸው አንጓ ወለሉን እያንኳኩ ኖሯል። በዚያ ጸጥታ መሀል «ባዶ ነው» አሉ። አጠገባቸው የነበሩት ሽማግሌ «እውነትዎን ነው፤ ይቺ ዓለም ባዶ ናት» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የቦታ ጥያቄ ይዘው ወረዳ ገብተው፣ ጉዳያቸውን ከመናገራቸው በፊት የኃላፊውን ቢሮ ወለል አንኳኩና «መልካም አስተዳደር ከወለል ነው የሚጀምር» አሉ። ጥያቄያቸው ዛሬም መልስ አላገኘም ይባላል።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው ኑርጃን በገዛ እጇ ቤቷ የጠራቻቸው።

ኑርጃን ከጅዳ የተመለሰች ሴት ናት። እዚያ ብዙ ዓመት የሰው ቤት እብነበረድ ስትወለውል ኖራለች። እመቤትየዋ ወለሉ ላይ የገዛ ፊቷን ካላየች «እንደገና» ትላት ነበር። ባሏ ጠሃ በዚያው ዘመን መካነ ሰላም ቀርቶ ልጆች ቁርአን ያስቀራል፤ ከተማው ሸህ ጠሃ ይለዋል። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሚስማር ሲመታ ጣቱን የሚመታ ሰው ነው። እሷ በላከችው ገንዘብ ቤቱን አሠራ። ግድግዳውና ጣሪያው በግንበኛ እጅ አለቀ። የሳሎኑን ወለል ግን ለማንም አልሰጠም። ሙያው ሳይኖረው፣ ግንበኞቹ ሲሠሩ ያየውን እያስታወሰ፣ ራሱ አነጠፈው። ቀይ ሊሾ አደረገው። መሀሉ ላይ በተሰባበረ ሳህን፣ በአረንጓዴና በነጭ፣ አንዲት ትልቅ አበባ አወጣ። ከአበባዋ ቅጠሎች አንዷ ወደ በሩ ጠመም ብላለች።

ኑርጃን ከአውሮፕላን ወርዳ፣ ከደሴ በአቧራ ታጥና የገባች ቀን ጠሃ በሩ ላይ ቆመና፦

«የሰው ወለል ስትወለውይ ኖረሻል። ይሄን የምወለውለው እኔ ነኝ፤ አንቺ ርገጪው» አላት።

እንዳለውም አደረገ። በየሐሙሱ ልጆቹን ከሸኘ በኋላ ተንበርክኮ ይወለውላል። ኑርጃን መጀመሪያ አፈረች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ በመጨረሻ ለመደችው። ሰው ሲጠይቃት «ባለቤቴ ነው ያነጠፈው» ማለት ግን አልለመደችም፤ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ነበር የምትናገረው።

ወለሉ ግን አረጀ። ከበሩ የተነሳ ስንጥቅ እየተጥመለመለ መጥቶ አበባዋን ነካ። በመስኮቱ በኩል ያለው ቆዳው ይላጥ ጀመር። የሚሊኒየሙ በዓል ባለፈ በዓመቱ፣ ሲሚንቶ በወረፋ በሚገዛበት በዚያ ጊዜ፣ የልጃቸው የሩፋይዳ የኒካህ ቀን ተቆረጠ። የሙሽራው ቤተሰቦች ከወረኢሉ ሊመጡ ነው። አባትየው ሐጂ ሀቢቡላህ ወሬኛ ባይሆኑም ዓይናቸው የማያልፈው ነገር የለም ይባላል። ጠሃ ወለሉን አየና «ባለሙያ ይጠራ» አለ። ያለው ባለሙያ አንድ ነው።

ኢንጂነር ኸይሩ መጡ። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ገቡ፣ ኮታቸውን ሰቀሉ፣ በከዘራቸው አንኳኩ፣ አዳመጡ፣ ጨለሙ።

«ይሄን ማነው የሠራላችሁ?»

ኑርጃን አፏን ከፈተች። ጠሃ ቀደማት።

«አንድ እዚሁ ሰፈር ያለ ሰው ነው» አለ፤ ፂሙን እየዳበሰ።

«በሕይወት አለ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ አለ።»

«እንደዚህ ሠርቶ!» አሉ ኢንጂነር ኸይሩ።

ኑርጃን ባሏን አየችው። ባሏ ወለሉን አየ። ይባስ ብሎ አጠገባቸው ተቀምጦ «እስቲ ምኑን ነው ያጠፋው?» ብሎ ጠየቃቸው። ኢንጂነሩ ይሄን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት ኖሯል፤ ፊታቸው በራ።

«ምኑን አላጠፋውም በሉኝ! ሲያነጥፍ ስሩን አልጠረገው፣ አላራሰው። አቧራ ላይ ሲሚንቶ አፈሰሰ። ዱቄት ላይ የተጋገረ ቂጣ ይነሳል እንጂ ይጣበቃል? ለዚህ ነው ባዶ ባዶ የሚለው። ላዩን ለማለስለስ ደግሞ ደረቅ ሲሚንቶ ነሰነሰበት። ያማረ መስሎት! ይኸው እንደ እባብ ቆዳ ተላጠ። እነዚህን መስመሮች ይዩልኝ፤ በጥፍር የተጫሩ ናቸው። መስመር ለጌጥ አይደለም ሸህዬ። ሲሚንቶ ይሞቃል፣ ይበርዳል፣ መላወሻ ይፈልጋል። መስመሩን ጠለቅ አድርገው ሲከፍቱለት እዚያ ውስጥ ይሰነጠቃል፣ ማንም አያይበትም። መላወሻ ሲያጣ ይሄው መሀል ሳሎን ይቀደዳል።»

«ሱብሃነላህ» አለ ጠሃ፤ ከልቡ። «ሌላስ?»

«ውሃ አላጠጣውም። እርጥብ ጆንያ አልብሶ ቢያከርመው ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ፀሐይ ጠጣችው። ሰውየው ሰነፍ ነው።»

ኑርጃን ሰነፍ የሚለውን ስትሰማ ተነስታ ጓሮ ወጣች። ያን ጊዜ በሰፈሩ ቧንቧ አልነበረም። ጠሃ ልጆቹን ካስቀራ በኋላ ከምንጭ በጀሪካን እየተሸከመ ነበር የሚያጠጣው። ጎረቤቷ አስቻለች ናት ይሄን የነገረቻት፤ እሱማ መች ነግሯት ያውቃል።

ስትመለስ ባሏን ወደ ጓዳ ጠራችው።

«ለምን አትነግራቸውም?»

«ብነግራቸው ያፍሩና ዝም ይላሉ። እኔ ደግሞ መማር ፈልጌያለሁ።»

«ሲሰድቡህ እኮ ነው!»

«ወለሉን ነው የሚሰድቡት» አለና ተመለሰ። አንዳንድ ጊዜ የዋህ ባል ከክፉ ባል በላይ ያናድዳል።

ሥራው ተጀመረ። ኑርጃን የጠራቻቸው ለአንድ ስንጥቅ ነበር። ኢንጂነር ኸይሩ ግን በከሰል ባዶ የሚለውን ቦታ እያንኳኩ ያከቡ ጀመር። አንዱ ክብ ከሌላው ገጠመ፣ ሁለቱ ተያይዘው ግድግዳ ደረሱ። እኩለ ቀን ላይ ግማሹ ሳሎን በከሰል ተከቦ ነበር። ከዚያ መሮና መዶሻ አነሱ።

«ኸረ ኢንጂነር፣ ኒካሁ ደርሷል!»

«አብሽሪ ኑርጃን!» አሉና መቱት።

አብሽሪ ማለት አይዞሽ፣ መልካም ይሆናል ማለት ነው። ኑርጃን ግን ያን ሰሞን ቃሉን ስትሰማ አንድ ነገር እንደሚፈርስ አወቀች። «አብሽሪ» ሲሉ የመስኮቱ ጥግ ተነሳ። «አብሽሪ» ሲሉ የበሩ ደፍ ተከተለ። አቧራው ጓዳ ገባ፣ ሽሮው ላይ አረፈ፣ የሩፋይዳን የሙሽራ ልብስ ከነላስቲኩ ለበሰው። ሙሽራዪቱ አስቻለች ቤት ሄዳ ታድር ጀመር። እናትየዋም ለመከተል ትንሽ ነበር የቀራት።

በዚያ ላይ ክርክሩ። ኑርጃን ወለል በመወልወል ከማንም አታንስምና «ጅዳ እኮ በሳሙናና በማሽን ነው የምናንጸባርቀው» ብላ ተናገረች። ኢንጂነር ኸይሩ መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ጅዳ ድንጋይ ነው፤ ይሄ ሲሚንቶ ነው። ድንጋይ አላህ ጨርሶ ያስቀመጠው ነው። ሲሚንቶ ግን ሰው የጀመረው ነው፤ ስትጨርሺው መኖር ነው።»

ኑርጃን ተናድዳ ጓዳ ገባች።

እውነቱን ለመናገር ሲሠሩ ማየት ግን ሰውን ከጉዳዩ ያስቀር ነበር። የተፈነቀለውን ጉድጓድ ዳር ዳሩን አራት ማዕዘን አድርገው ያስተካክላሉ። አቧራውን በመጥረጊያ፣ ቀጥሎ በብሩሽ፣ በመጨረሻ በትንፋሻቸው ያወጣሉ። ስሩን በውሃ ያርሱና ሲሚንቶ አቅጥነው እንደ ሙጫ ይቀቡታል፤ አዲሱን የሚያፈሱት ያ ሳይደርቅ ነው። ቀለሙን ለማመሳሰል ደግሞ ሳንቃ ላይ ቀይ በቀይ የሆኑ ትንንሽ የሲሚንቶ ናሙናዎች ደርድረው ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ። አንዱ ደማቅ ነው፣ አንዱ ጡብ ይመስላል።

«የቤትሽ ቀይ ያረጀ ቀይ ነው» አሏት። «ያረጀ ቀይ ከሱቅ አይገዛም።»

ጥቁር ቀለም በጣት ጫፍ፣ የደቀቀ ሸክላ በእፍኝ እየጨመሩ ሲሞክሩ ዋሉ። ሲገጥምላቸው ለራሳቸው ፈገግ አሉ። ወዲያው ደግሞ ያ ሰነፍ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ፊታቸው ተመለሰ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ አበባዋ ጋ ደረሱ። ስንጥቁ አንዲቷን ቅጠል አቋርጦ የሳህኑን ስባሪ ፈልቅቆታል። ኢንጂነር ኸይሩ በሆዳቸው ተኝተው፣ በአንድ ዓይናቸው፣ ከዚያ በሌላው አዩዋት። ጠሃ በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ሸህዬ፣ ይቺን ልንቀላትና ቀጥ ያለ ኮከብ ላድርግላችሁ። ይቺ አበባ አይደለችም። ይሄን የሠራው ሰው ወይ ዓይኑ ወይ ልቡ ታሟል።»

መሮውን ቅጠሏ ሥር ሰኩ።

«እጅዎን ያንሱ!»

ኑርጃን ራሷ ደነገጠች፤ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላት አታውቅም ነበር። መጥረጊያ ይዛ መሀል ወለሉ ላይ ቆማለች።

«ዓይኑም ደህና ነው፣ ልቡም ደህና ነው። ያውና ቆሟል! እሱ ነው የሠራው። እኔ የሰው ወለል ላይ ተንበርክኬ ስኖር፣ እሱ እዚህ ተንበርክኮ ለእኔ ሠራልኝ። ውሃውን ከምንጭ እየተሸከመ ነው ያጠጣው። ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጅዳ ሰነፎችን ሳዝል ኖሬያለሁ!»

ኢንጂነር ኸይሩ መሮውን ቀስ ብለው አወጡ። ቆባቸውን አነሱ።

«ሸህዬ፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ።

«ምን አጠፉ?» አለ ጠሃ። «ያሉት ሁሉ ልክ ነው። ማንም እንዲህ አላስተማረኝም።»

ይሄ ደግሞ ከስድብ በላይ ከበዳቸው። መሣሪያቸውን እንኳ ሳያነሱ ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሚቀጥለውም ቀን አልመጡም። ኑርጃን ግማሽ ወለል፣ ግማሽ ጉድጓድ ይዛ ቀረች። መጀመሪያ በአፋቸው፣ አሁን በዝምታቸው ቤቷን እንደሚያፈርሱባት ገባት። «ያረቢ፣ ይሄ ሰውዬ ቢለፈልፍም ዝም ቢልም እኔን መቅጣቱ አይቀርም ማለት ነው?» አለች። ሌላ ሰው ልትፈልግ ነጠላዋን ደርባ ስትወጣ በሩ ላይ ገጠሟት። በትከሻቸው ከረጢት አለ፤ ውስጡ ይንኳኳል።

«አረንጓዴው ጠፍቶኝ ነው» አሉ ወለሉን እያዩ። «ሆቴሉንም ሻይ ቤቱንም ዞርኩ። የጥንት ሳህን ነው፤ አሁን እንዲህ ያለ አረንጓዴ አይመጣም። ወርቄ ምግብ ቤት አንድ ተሰብሮ የቀረ አገኘሁ።»

ገብተው ተንበረከኩና ጠሃን ጠሩት።

«እንዴት አድርገው ነው ያስቀመጧት?»

«በእጄ።»

«በገመድ አልለኩም?»

«አልለካሁም። ዓይኔ ደስ እስኪለው ድረስ ወዲያ ወዲህ አደረግኳት።»

«ዓይንዎ… ደስ… እስኪለው» አሉ ኢንጂነር ኸይሩ፤ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው። ከዚያ ቅጠሏን እንደነበረች፣ እንደጠመመች፣ በሽራፊ በሽራፊ መለሷት። ላብ በአፍንጫቸው ይወርዳል። ኑርጃን ስታያቸው ቀጥ አድርጎ መሥራት ያን ያህል አድክሟቸው አያውቅም ነበር።

ወለሉን እርጥብ ጆንያ አለበሱት። ቤተሰቡ በጓሮ በር እየገባ በጓሮ እየወጣ ከረመ፤ በሳሎኑ የሚያልፍ ከተገኘ ኢንጂነር ኸይሩ ከየት እንደሚመጡ ሳይታወቅ ይደርሱበታል። ሲጠነክር በውሃና በድንጋይ አሹት፣ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት፣ መጀመሪያ በሸካራው ከዚያ በለስላሳው። በመጨረሻ ሰም በላምባ አሟሙተው በጨርቅ ቀቡትና እጃቸው እስኪዝል ወለወሉት። አዲሱ ከአሮጌው የት ላይ እንደሚጋጠም ኑርጃን በሆዷ ተኝታ ፈለገች። አላገኘችውም። «እንዲያው ደህና ነው» አለቻቸው። ከዚያ በላይ ልትል አልፈለገችም።

የኒካሁ ቀን የወረኢሉ እንግዶች ደረሱ። ወንዶቹ ሳሎን ገቡ። ኢንጂነር ኸይሩም ሳይጠሩ፣ ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ጥግ ተቀምጠዋል። ምክንያት ነበራቸው። ሐጂ ሀቢቡላህ ወረኢሉ ትልቅ ቤት እያሠሩ ነው፤ ወለሉን የሚሰጡት ሰው እየፈለጉ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። የዚያ ቤት ወለል ደግሞ ኢንጂነር ኸይሩ እንደ ሠርግ ሲያልሙት የከረሙት ነው።

ኒካሁ ታሰረ፣ ዱዓው ተደረገ። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ሐጂ ሀቢቡላህ ወለሉን በመዳፋቸው ዳበሱ።

«ማሻአላህ! ይሄስ መስተዋት ነው። ኢንጂነር፣ የእርስዎ እጅ ነው አሉ?»

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ኢንጂነር ኸይሩ፤ አንገታቸው ረዘመ።

ሐጂ ዓይናቸውን ወደ መሀል ወሰዱ። ቅንድባቸው ተነሳ።

«ይቺ ቅጠል ብቻ ጠምማለች። እንዴት እንዲህ ያለ ነገር አለፈዎት?»

ኑርጃን በጓዳው መጋረጃ ጀርባ ቆማ ትሰማለች። ጠሃ ከተቀመጠበት ቀና አለ፤ ሊናገር ነው። በአዲሶቹ ዘመዶች ፊት፣ በልጁ ኒካህ ቀን፣ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» ብሎ ሊስቅ ነው። ኑርጃን ሐጂ የሚሉትን አስቀድማ ሰማችው፤ ሸህ ወለል ምን ያውቃል ብለው ሲቀልዱ፣ ወንዶቹም በሳቅ ሲያጅቧቸው።

«የእኔ ጥፋት ናት» አሉ ኢንጂነር ኸይሩ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ከጆሮአቸው እስከ አንገታቸው ቀልተዋል።

«የዚያን ዕለት እጄ ተንቀጠቀጠ።»

«አይ ዕድሜ!» አሉ ሐጂ ሀቢቡላህ በአዘኔታ። ምግብ ቀረበ። ስለ ወረኢሉ ቤት ያን ቀን አልተነሳም፤ ከዚያ በኋላም አልተነሳም።

እንግዶቹ ሙሽራዋን ይዘው ከሄዱ በኋላ ጠሃ ባዶው ሳሎን ውስጥ ቆሞ «ዋሹልኝ እኮ» አለ። ኑርጃን እንደ ልማዷ በሰውየው ላይ የምትሰነዝረው ቃል ፈለገች። ስድብ ግን አልመጣላትም፤ ጎንበስ ብላ የጠመመችውን ቅጠል ዳበሰቻት።

ሰላሙ ብዙ አልቆየም። ጥቂት ቀን እንዳለፈ ኢንጂነር ኸይሩ መሮና መዶሻ ይዘው በሯ ላይ ቆሙ።

«እንቅልፍ አጣሁ ኑርጃን። አሁን በስሜ ናት። ላቃናት።»

«በስምዎ ብትሆንም በቤቴ ናት። አትነካም!»

«ትንሽ ብቻ! ለዓይን እንኳ የማይታይ…»

«ኢንጂነር፣ በአላህ በጀሊሉ ይዤዎታለሁ፣ ይሂዱልኝ!»

ሄዱ። ከዘራቸው ያን ቀን መሬት አላንኳኳም።

በሳምንቱ ሚስታቸው ባሲማ ሻሿ ወደ ኋላ ወርዶ እየሮጠች መጣች።

«ሸህዬ! ኑርጃን! ድረሱልኝ፣ ሰውየው አበደ። ወለሉን እየቆፈረው ነው!»

ሁለቱም ተከትለዋት ሮጡ። የኢንጂነር ኸይሩን ሳሎን ኑርጃን ያን ቀን ነው ያየችው። ግራጫ ሊሾ ነው፤ እንከን የሌለው። የቆመ ውሃ ይመስላል። መስመሩ ቀጥ፣ ጥጉ ቀጥ፣ አንዲት ጭረት የለችበትም። አበባም የለበትም፣ ቀለምም የለበትም። ባሲማ ሚስት ሆና ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ባሏ አንድ ጌጥ ላድርግ ብሎ ያስባል፤ ያሰበውን ሁሉ እንከን ያወጣለታል፣ ይተወዋል። የዚያ ሁሉ ዓመት ልስላሴ መሀሉ ላይ አሁን ጉድጓድ ተከፍቷል። ኢንጂነር ኸይሩ ዳሩ ላይ ተንበርክከዋል፤ ፂማቸው በአቧራ ነጭ ሆኗል።

«ምን ነካዎ?» አለ ጠሃ።

«ሸህዬ፣ በኒካህ ላይ ዋሽቻለሁ። እንዲያ ያለች አበባ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም። የእኔ ናት አልኩ። ከእርስዎ ጋር አንድ ብሠራ፣ ቢያንስ ሠርቻለሁ ማለት ነው። ውሸቱ ትንሽ ይቀልልኛል ብዬ ነው።»

«ለዚህ ብለው ይሄን የመሰለ ወለል ቆፈሩ? ተውበት አድርገው ምሕረት ቢለምኑ ይበቃ ነበር እኮ።»

«እሱንም አድርጌያለሁ» አሉ ኢንጂነር ኸይሩ። «ግን ከሊሾ በቀር ምን አውቃለሁ?»

ጠሃ ጃኬቱን አውልቆ አጠገባቸው ተንበረከከ። ባሲማ ነገሩ ሲገባት ከመደርደሪያዋ አንድ ሰማያዊ ሳህን አውርዳ ደጃፉ ድንጋይ ላይ በደስታ ሰበረችው። ኢንጂነር ኸይሩ ስሩን ጠረጉ፣ አራሱ፣ ቀቡ፣ ሲሚንቶውን አፈሰሱ። ከዚያ ስባሪዎቹን መትከል ጀመሩ። ያለ ገመድ፣ ያለ ውሃ ልክ።

መከራቸው እዚህ ላይ ነበር። እጃቸው አልጠምም አላቸው። አንዷን ቅጠል አኖሩ፤ ቀጥ አለች። አነሷት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አኖሯት፤ እንደገና ቀጥ አለች።

«ቀጥ አለችብኝ ሸህዬ!» አሉ፤ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው።

«ዓይንዎ ደስ እስኪለው…»

«ዓይኔ መቼ ደስ ብሎት ያውቃል!»

ሲሚንቶው ሊይዝ ነው። ጠሃ በትዕግሥት ይጠብቃል፣ ባሲማ በሩ ላይ አፏን ይዛለች፣ ኢንጂነሩ ቅጠሏን ያነሳሉ፣ ይመልሳሉ። ኑርጃን መታገሥ አቃታት። ይሄ ሰውዬ ሲያፈርስ ያደክማል፣ ሲሠራ ያደክማል፣ ሲሳሳት እንኳ አይሆንለትም። ቀሚሷን ሰብስባ በሁለቱ መሀል ተንበረከከች። በአውራ ጣቷ ቅጠሏን ወደ በሩ ገፋ አደረገቻት።

«በቃ! አሁን አትነኳትም!»

ኢንጂነር ኸይሩ ጎንበስ ብለው አዩ። በአንድ ዓይናቸው፣ ከዚያ በሌላው። ሦስቱም ጠበቋቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«ማሻአላህ» አሉ። «እንዴት አምሮባታል።»

ባሲማ ባሏ የሰው ሥራ ሲያደንቅ ሰምታ ስለማታውቅ «ምን አልክ?» አለችው። እሳቸው ግን አልሰሟትም።

ኑርጃን ጥግ ከነበረው ባልዲ እርጥብ ጆንያ አወጣች፣ ጨመቀችው፣ አበባዋ ላይ በቀስታ ዘረጋችው። ኢንጂነር ኸይሩ በሌላኛው ጫፍ ይዘው አስተካከሉላት። እጇ በሲሚንቶ ተለውሷል። መታጠቢያ ፈለገችና ተወችው፤ እዚያው ወለሉ ላይ፣ ከሰውየው ጎን፣ ትንሽ ቁጭ አለች።